መብራት ሄደ ወይስ አጠፋነው?

በአማርኛችን መብራት እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። «መብራት ሄደ» እንላለን እንጂ ማን ይዞት እንደሄደ አንናገርም። «መብራት መጣ» ሲባልም የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ እንጂ ማን እንዳመጣው የሚጠይቅ የለም። ውሃም እንዲሁ ይሄዳል፤ ኔትወርክም እንዲሁ ይጠፋል። ጉዳይ ይዘን ወደ አንዱ ቢሮ ጎራ ስንል ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ «ሲስተም የለም» ትለናለች። ሲስተሙን ማን እንደዘረጋው፣ ለምን እንደቆመ፣ መቼ እንደሚመለስ አትነግረንም፤ እሷም አታውቅም። ድርጊቱ አለ፤ አድራጊው ግን የለም። አድራጊ ከሌለ ደግሞ ወቀሳም፣ ይቅርታም፣ ካሳም የለም። ሻማ ለኩሶ መቀመጥ ብቻ ነው።

እኔም በዚህ አነጋገር ተመችቶኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተመችቶኝ ማለቴ ጨለማው ሳይሆን አነጋገሩ ነው። ያላጠፋሁት መብራት ሲጠፋ ከጎረቤቴ ጋር እኩል እበሳጫለሁ፤ እኩል ስለተበሳጨን ደግሞ እኩል ንጹሕ ነን። ይህ ንጽሕናዬ ያበቃው ካለፈው ገና ወዲህ ነው። እንዴት እንዳበቃ ልንገራችሁ፤ ከአንድ ግቢ አልፎ የሚሄድ ጥያቄ ያለበት መስሎኛልና።

የአክስቴ ልጅ ጀርመን አገር፣ ኑረምበርግ ከተማ የሚኖር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ለገና ሊጠይቀን መጥቶ ሁለት ምሽት በሻማ ካሳለፈ በኋላ ገበያ ወጣና አንድ ባትሪ፣ አንድ ኢንቨርተርና አራት የሶላር ሰሌዳዎች ገዝቶ ተመለሰ። ባትሪው መካከለኛ ሻንጣ ያክላል። ሆዱ ውስጥ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሚሰጡ 16 ሴሎች በተርታ ተያይዘዋል፤ በድምሩ 51.2 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት፣ ሲባዛ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። ይህ ውህድ ለባትሪ እንደሚሆን በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ያሳዩት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆን ጉዲናፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሽማግሌው በሊቲየም ባትሪ ላይ ለሠሩት ሥራ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ሲካፈሉ የ97 ዓመት ሰው ነበሩ።

ለመሆኑ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል ነው? የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይበላል ብንል ባትሪው አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይቆይለትም። ባለ 9 ዋት አምፖል ብቻ ብናበራበት ግን፣ በመንገድ የሚባክነውን ትተን ብናሰላው፣ ከ560 ሰዓት በላይ ያበራል። መብራት ከመስመር ሲመጣ ምጣዱም አምፖሉም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲሻማ አይታየንም። ባትሪ ሲሆን ግን ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው የተወሰደ ነው። ስለዚህ ባትሪ የገዛ ሰው ሳያውቀው ዳኝነትም አብሮ ገዝቷል።

ፍርዱ የሚጻፍባት ደግሞ ከባትሪው ጎን የተቀመጠች፣ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ኮምፒዩተር ናት። ራስበሪ ፓይ ትባላለች። በውስጧ የሚሠራው ሶፍትዌር ሆም አሲስታንት ይባላል። ፓውለስ ስኩትሰን የተባለ ኔዘርላንዳዊ በ2013 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ የተውጣጡ እጅግ ብዙ ሰዎች ሠርተውበታል። ክፍት ምንጭ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ኮዱን የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለቤቱ ስዊዘርላንድ ውስጥ የተቋቋመ ኦፕን ሆም ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ትንሿ ኮምፒዩተር ከኢንቨርተሩ ጋር በአንዲት ቀጭን ሽቦ ትነጋገራለች፤ ቋንቋቸው በ1979 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካ መሣሪያዎች የወጣው ሞድበስ ነው። «ዋናው መስመር አለ ወይ? ባትሪው ስንት በመቶ ቀረው?» እያለች ትጠይቃለች፤ መልሱን ሰምታ በተጻፈላት ደንብ መሠረት ታዛለች። ኢንተርኔት ባይኖርም ሥራዋን አታቋርጥም።

ደንቡ ሦስት ክፍል አለው፦ ምን ሲደርስ፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ይደረግ። ከሕግ አንቀጽ ብዙም አይለይም። የአክስቴ ልጅ ደንቡን ሲጽፍ እኔ ከጎኑ ቆሜ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ከግቢያችን ኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አንዲት እናት ከልጇ ጋር ተከራይታቸዋለች፤ ለእነሱም ከባትሪው መስመር ዘርግተንላቸዋል። «የኋላውን መስመር ስንት ላይ ልቁረጠው?» አለኝ። «ሃምሳ» አልኩት። ይኸው ነው። ዋናው መስመር ከጠፋና ባትሪው ከ50 በመቶ በታች ከወረደ የኋላው መስመር ይዘጋል ማለት ነው። ቆሎዬን መቆርጠሜን እንኳ አላቋረጥኩም።

በዚያን ሰሞን ያሳሰበኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። ኢንቨርተሩ ከፋብሪካው የራሱ የስልክ መተግበሪያ አለው፤ ታዲያ በእሱ ከመጠቀም ይልቅ ይህን ሁሉ መድከም ለምን አስፈለገ? የአክስቴ ልጅ ስለ ወጪም ስለ ቅለትም አላወራኝም። «ቁልፉ የማን ነው?» አለና ሁለት ታሪክ ነገረኝ።

አንደኛው የሪቮልቭ ነው። ሪቮልቭ የቤት ዕቃዎችን ከአንድ ቦታ የምታዝ ሳጥን ስትሆን አሜሪካ ውስጥ በ300 ዶላር ገደማ ትሸጥ ነበር። ኩባንያውን ኔስት በ2014 እ.ኤ.አ. ገዛው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን ሰርቨሩ ተዘጋና ሳጥኗ በየሰዉ ቤት እንደተቀመጠች ሥራ አቆመች። አልተሰበረችም፤ አልተሰረቀችም። ከሩቅ ሆኖ ሲያናግራት የነበረው ዝም ስላላት ብቻ ሬሳ ሆነች። ገዢዎቹ ገንዘባቸውን ከፍለው የወሰዱት ዕቃውን እንጂ ቁልፉን አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ የደግነት ነው፤ እኔን የበለጠ ያሳሰበኝም ይኸኛው ነው። በሴፕቴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲያስጨንቅ፣ ቴስላ ሕዝቡ ከሚሸሽበት አካባቢ ለነበሩ አንዳንድ ደንበኞቹ የመኪናቸውን የባትሪ አቅም ከሩቅ ሆኖ ለጊዜው ጨመረላቸው። ለካስ እነዚያ መኪኖች ከሸጡላቸው የሚበልጥ ባትሪ ተሸክመው ኖሯል የሚሄዱት፤ ትርፉ በሶፍትዌር ተቆልፎ ነበር። ኩባንያው በጭንቅ ቀን በጎ ሥራ ሠራ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያን ቀን በሩን መክፈቱ ከዚያ በፊት ሁሉ ቁልፉ በማን ኪስ እንደነበረ አሳየ።

ጥያቄው ከቤት ባትሪ በፊትም የነበረ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በአሜሪካው የኤም አይ ቲ ላቦራቶሪ ሲሠራ ወረቀት እየነከሰ የሚያስቸግራቸውን ማተሚያ ሶፍትዌሩን አስተካክሎ ሊያሻሽለው ቢፈልግ ኮዱን ተከለከለ። የገዛ መሥሪያ ቤቱ ማሽን ላይ ማዘዝ አለመቻሉ ከረር ያለ ሰው አደረገው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ ይፋ አደረገ። ዛሬ እናቴ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠችው ትንሽ ሳጥን የዚያ ቁጣ የልጅ ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ኮራሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስልኬን አውጥቼ የባትሪውን መጠን፣ የፀሐዩን ምርት፣ የየመስመሩን ፍጆታ አሳያለሁ። «ከማንም ኩባንያ ነፃ ነን፤ ቁልፉ እኛው እጅ ነው» እላለሁ። እንግዳውም ራሱን ይነቀንቃል።

የተከራያችን ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በግንቦት መጨረሻ አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ አገኘኋትና «ጥናት እንዴት ይዞሻል?» አልኳት።

«ደህና ነው ጋሼ፤ መብራቱ እየሄደ አስቸገረን እንጂ። ትናንትም ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ሄደ» አለችኝ።

እኛ ቤት አልሄደም ነበር። ልጅቷ ግራ መጋባቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ «የእናንተ መስመር ሌላ ነው አይደል? በመስኮት የቴሌቪዥኑ ብርሃን ይታየኝ ነበር» አለችና ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። በድምጿ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ፀሐይ ጠለቀች እንደማለት ነበር ያለችው።

ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ሆም አሲስታንት መዝገብ ይይዛል፤ ምን እንደተከናወነ ብቻ ሳይሆን በምን ትእዛዝ እንደተከናወነም ይጽፋል። ከምሽቱ 3፡14 ላይ የኋላው መስመር ጠፍቷል። ያጠፋው «የማታ ቁጠባ» የተባለው ደንብ ነው። ወደ ኋላ ባስሄደው መዝገቡ በያዘው የ10 ቀን ጊዜ ውስጥ አራት ምሽት እንዲሁ ሆኗል። አራት ጊዜ «መብራት ሄደ» ተብሏል፤ አራቱንም ጊዜ ግን መብራት አልሄደም። አጥፍቼዋለሁ።

ወረቀት አንሥቼ አሰላሁ። ልጅቷ የምታጠናበት አምፖል 9 ዋት ነው። አምስት ሰዓት ብታጠና 45 ዋት ሰዓት፣ ከባትሪው አንድ በመቶ አይሞላም። ያን ምሽት እኔ ኳስ እያየሁ ነበር። ቴሌቪዥናችን 90 ዋት ይበላል፤ ለሁለት ሰዓት 180 ዋት ሰዓት ይሆናል። ያ ጨዋታ ልጅቷ አራት ሌሊት የምታጠናበትን ብርሃን በላ። ያውም ያለ ግብ ነው ያለቀው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ሳቀብኝ። «ባትሪው የተገዛው በዘመድህ ገንዘብ ነው። በኪራይ ውላቸው ውስጥ የለም። እስከ ሃምሳ ድረስ መስጠታችሁ ራሱ ደግነት ነው። ራስህን ለምን ታስጨንቃለህ?» አለኝ። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። ባለንብረት በንብረቱ ያዛል። ባትሪውንም ጭራሽ ለእነሱ ባንዘረጋው ኖሮ ማንም አይወቅሰንም ነበር።

በበኩሌ ግን የጎደለኝ ደግነት አይመስለኝም። ሃምሳ ያልኩትን ሠላሳ ብዬው ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ሁለት ሰዓት ትጨምር ነበር እንጂ ነገሩ ያው ነበር። የጎደለው ሌላ ነው። እጄን ዘርግቼ ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ቢኖርብኝ ኖሮ ከምሽቱ 3፡14 ላይ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ በተከፈተው በር ልጅቷ ደብተሯ ላይ አጎንብሳ እያየሁ ማጥፋት ነበረብኝ። አላደርገውም ነበር። እርግጠኛ ነኝ አላደርገውም። ደንቡ ያደረገልኝ ይህንን ነው፤ እጄን ከዓይኔ ለየልኝ። የዛሬ አምስት ወር ቆሎ እየቆረጠምኩ የተናገርኳት አንዲት ቃል እኔ ኳስ በማይበት ሰዓት ሄዳ የማላየው ክፍል ውስጥ መብራት አጠፋች። ልጅቷም ከልማዳችን አውጥታ «ሄደ» የሚለውን ቃል አለበሰችልኝ።

ከዚህ ላይ ነው የክፍት ምንጭ ኩራቴ የፈረሰው። የሶፍትዌሩ ኮድ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ብራዚል ያለ ሰው ቢፈልግ ያነበዋል። የእኔ ደንብ ግን ከእኔ ሃያ እርምጃ ርቃ ለምትተኛው ተከራይ ዝግ ነበር። ለእሷ እኔ ማን ነኝ? ለሪቮልቭ ገዢዎች ኔስት የነበረውን ነኝ። ሰርቨሩ ሩቅ አገር ሳይሆን እናቴ ጓዳ ውስጥ መሆኑ ለእሷ ምን ለውጥ አመጣላት? ከላዬ ያለውን ጌታ አወረድኩና ከበታቼ ላለችው ራሴ ጌታ ሆንኩ። ይህን ደግሞ ነፃነት ብዬ ለእንግዳ አሳይ ነበር።

የዮሴፍን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማቸ፤ በሰባቱ የረሃብ ዓመታት ግብፅን ከሞት አዳነ። የምናስታውሰው እስከዚህ ነው። ታሪኩ ግን ይቀጥላል፤ ሕዝቡ ለእህሉ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሰጠ። ጎተራው ሕይወት አድኗል፤ ጎተራው ሕዝብን ገባርም አድርጓል። ሁለቱም የተፈጸሙት በዚያው በአንድ ቁልፍ ነው። ማከማቸት በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። የሚጠየቀው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ያዘዘው ሰው ነው፤ ዮሴፍ ቢያንስ ስሙ ተጽፎ ይገኛል።

ለአክስቴ ልጅ ደውዬ አጫወትኩት። ለአፍታ ዝም ብሎ ስለ ራሱ ነገረኝ። እነሱ አገር መብራት ብዙም አይሄድም፤ እሱ ባትሪውን የሚያዝዘው በዋጋ ነው። የኤሌክትሪክ የገበያ ዋጋ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ከ450 ሰዓታት በላይ ከዜሮ በታች ወርዷል፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 12 ቀን ምሽት ደግሞ አንድ ሜጋዋት ሰዓት ከ900 ዩሮ በላይ ወጥቶ ነበር። የእሱ ደንብ ሲረክስ ሙላ፣ ሲወደድ አውጣ ይላል። ይህም ሌላውን አይጎዳም፤ እንዲያውም ሁሉም በሚሻማበት ሰዓት ሸክሙን ያቀላል። «ግን ሶፍትዌሩ የሚለኝ አንድ ነገር ነው» አለኝ። «የትኛውን ቁጥር ላሳንስልህ? ይለኛል። እኔም ገንዘቤን አልኩት። ሌላ ነገር ልለው እንደምችል አስቤው አላውቅም።»

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ስለ ባትሪው ምንም አልተናገረችም። «እኛ ልጆች ሳለን አንድ ኩራዝ ነበር ያለን» አለች። «መሃል ላይ ይቀመጣል። የሚያጠናውም፣ ጥጥ የሚፈትለውም፣ ሽሮ የሚያማስለውም በእሱው ነው። ጋዙ ሲያልቅ ለሁላችንም ያልቃል።» ኩራዙን ናፍቃው አይደለም፤ ጢሱ ዓይኗን እንዴት እንዳቃጠለው ዘወትር የምትነግረን እሷው ናት። ነገር ግን ኩራዝ ደንብ አያስፈልገውም ነበር። ብርሃኑ ራሱ ማን በማን ላይ እንደሚያዝ ለሁሉ ያሳያል። የእኛ ብርሃን በግድግዳ ውስጥ ስለሚሄድ በቃል መናገር አለብን።

ስለዚህ ተናገርን። ደንቡ ተለወጠ፤ ባትሪው 60 በመቶ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠፋው ቴሌቪዥኑ ነው፤ የኋላው መስመር የሚዘጋው ከሁሉ በመጨረሻ፣ ከእኛ ሳሎን ጋር በአንድ ጊዜ ነው። ደንቡን በአማርኛ በወረቀት ጽፌ ቆጣሪው አጠገብ ለጠፍኩት። ከዚያም ተከራያችንን ጠራኋትና አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«ይሄን ቁጥር የሚቀይረው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«እንግዲያው ሲሄድ አንተን ነዋ የምንጠይቀው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ውሳኔው ትክክል ይሁን አይሁን አልጨረስኩትም። ነገ ሌላ ተከራይ ቢመጣ፣ እናቴ ብትታመም፣ ባትሪው ቢያረጅ፣ ቁጥሩ እንደገና መለወጡ አይቀርም። ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ ቁልፉ በእጄ እስካለ ድረስ «ሄደ» የሚለው ቃል ለእኔ ቤት የማይሠራ መሆኑን ነው። ያዘዘ ይጠየቃል። ቁልፍ ይገባኛል ብሎ የሚሟገት ሰው ይህንንም አብሮ መቀበል ያለበት ይመስለኛል፤ ያለዚያ የተሟገተው ለነፃነት ሳይሆን ለተራው ነው።

ትናንት ማታ የሰፈሩ መብራት ሄደ። ባትሪው ከቀኑ ደመና የተነሣ በግማሽ ነበር፤ ሌሊቱ ሲጋመስ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ደረሰና የእኛም ሳሎን የኋላውም ክፍል በአንድ ጊዜ ጨለመ። ሦስት ደቂቃ ያህል እንደቆየ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፤ ደብተሯን በብብቷ ይዛለች። «ጋሼ፣ አጠፋኸው እንዴ?» አለችኝ።